ድምፅ የማያወጣ ቪቲ

አምቦ ገበያ ዳር ባለችው የብረታ ብረት ሱቃችን ውስጥ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። ባሌ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሲሄድ ሱቁ የኔ ነበር። ሁለታችንም ከስልጤ አገር የመጣን ነን። ስንጋባ ስለ ብረት የማውቀው ነገር አልነበረኝም፤ ኋላ ግን ብሎኑን ከዳዶው፣ የእንጨት ቪቲውን ከቆርቆሮ ሚስማሩ በጣቴ ዳብሼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እለይ ጀመር። ቪቲ የምንለው በካቻቢቴ እየተጠመዘዘ እንጨት ውስጥ የሚገባውን ባለ ጥርስ ሚስማር ነው። ሚስማር በመዶሻ ይገባል፣ ይጮሃል፣ ጽድ ከሆነ ደግሞ ሳንቃውን ይሰነጥቃል። ቪቲ ግን ቀስ ብሎ ይገባል፣ ሲፈልጉትም ቀስ ብሎ ይወጣል።

ስለ አንዲት ባልቴት ነው የማወራው። ባለቤቷ ጭልሞ ጫካ ውስጥ እንጨት ሰንጣቂ ነበር። ቤታቸውን የሠራው ራሱ ነው፤ ኮርኒሱንም ከዚያው ባመጣው የጽድ ሳንቃ አለበሰው። እሱ ከሞተ በኋላ ሴትየዋ ከአንድ ልጇ ጋር ቀረች። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ነበር። የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሲበረታ፣ ወጣት ከገበያም ከመንገድም እየታፈሰ በመኪና ሲጫን፣ ልጁ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ሱዳን ልሻገር ብሎ መተማ ላይ በንዳድ ሞተ የሚል ወሬ መጣ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ ድንኳን ተጣለ።

እኔም ለቅሶ ደረስኩ። የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነበር። ትክትክ ይዟት እዚያ ሰው መሀል ታስላለች። ድንኳኑ ሞልቶ ስለነበር ሴቶቹ ቤት ውስጥ፣ ከዚያው ከጽዱ ኮርኒስ ሥር አስቀመጡኝ። እናትየው ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ደረቷን አልደቃችም፣ ፊቷን አልነጨችም። በደንብ የማስታውሰው አንገቷን ነው፤ አንድም ጊዜ ቀና አላለችም።

አርባው ካለፈ በኋላ ሱቅ መጣች።

«ኢንተላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ድምፅ የማያወጣ ቪቲ አለሽ?»

«ለምን የሚሆን ነው እትዬ?»

«ለኮርኒስ። የባለቤቴ ሥራ ተነቃነቀ።»

የነሐስ ቪቲ አወጣሁላት፤ ጭንቅላቱ እንደ ምስር ጎበጥ ያለ። ነሐስ አይዝግም፣ ጥርሱን ሳሙና ቢቀቡት ደግሞ ጭጭ ይላል አልኳት። መሞከሪያ እንጨት ስለነበረን እዚያው አስገብታ አወጣችው። ስታወጣው ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጠፈች። የፈለገችው አራት ነበር፤ አራቱንም እንዲሁ አደረገች። ብዙ ገዢ አይቻለሁ፤ ቪቲ አዳምጦ የገዛ ግን ከእሷ ሌላ አላየሁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሳ አራት ገዛች። ከዚያም እንደገና አራት። ቪቲ እንደ ጨው አያልቅም፤ አንዴ ከገባ ቤቱ እስኪፈርስ እዚያው ነው። ልጠይቃት እያልኩ ጥቁር ልብሷ አፌን ያዘው።

ጎረቤቶቿ ሱቅ ሲመጡ ያወሩ ነበር። ሴትየዋ በየቀኑ ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ምሳው ላይ ሳለ፣ በሯን ዘግታ ሙሾ ታወርዳለች። ዓመት አልፎም አልተወችም።

«ሙት እንዲህ አይለቀስም» አለችኝ አንዷ። «ነፍሱን አላሳርፍ አለችው። እሷ ዝም ስትል እኮ ከላይ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

አንድ ሰሞን ከገበያ ጠፋች። ታማ ይሆናል ብዬ ስኳር ቋጥሬ በቀትር ሄድኩ። ከበሩ ሳልደርስ ድምፅዋን ሰማሁት፤

«ከፍ ካለው አገርህ፣ ዝቅ ብለህ እየኝ፣
ጠማኝ በል፣ ራበኝ በል፣ ምንም አትደብቀኝ።»

ዕንባ የሌለበት ሙሾ ነበር። ቃሉ ያለቅሳል፣ ድምፁ ግን አንድ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ድምፅ የተረጋጋ ነው። በሩን ስመታ ሙሾው በቢላ እንደተቆረጠ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ከውስጥ ቀጭን የብረት ድምፅ መጣ፤ ክር፣ ክር፣ ክር። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

ግድግዳው በጭስ ጠቁሯል። ኮርኒሱም ጠቁሯል፤ ሳንቃው ከሳንቃው አይለይም። አንድ ጥግ ላይ ግን አራት የቪቲ ጭንቅላቶች እንደ ድመት ዓይን ያበሩ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ጥላሸት ሲለብሱ እነዚያ አራቱ ለምን እንደሚያበሩ ሳስብ፣ ትከሻዬ ላይ ብናኝ ወረደ። ቀና አልኩ።

«አይጥ ነው» አለችኝ። ገና አልጠየቅኳትም ነበር።

መደቡ ላይ ሁለት ኩባያ ተቀምጧል፤ ሁለቱም የተጠጣባቸው። ስኳሩን አስቀምጬ ቢስሚላህ እያልኩ ወጣሁ። እስከ ገበያው ድረስ ወደ ኋላዬ አልዞርኩም። ዛሬ ሳወራው ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን ልጁ ሞቷል፤ ለቅሶው ላይ ተቀምጫለሁ። የሞተን ሰው ማን ኮርኒስ ውስጥ ይፈልጋል? እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ቤቱ ተይዟል ብዬ አመንኩ።

ከዚያ በኋላ ዕቃ እየጠፋ መጣ። የነሐስ ቪቲ መርካቶም አልተገኘም። ባሌ የት እንደተሠራ ያልተጻፈበት ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ እንደ ወርቅ የሚያበራ ቪቲና ቀይ እጀታ ያለው ካቻቢቴ ነበር። ሲያዩት ያምራል። ቪቲውን ማግኔት ላይ ሳስጠጋው ተጣበቀ፤ ነሐስ አይጣበቅም። ላዩን ቢጫ የተቀባ ለስላሳ ብረት ነበር። ካቻቢቴውም ጠንከር ያለ እንጨት ላይ ሲሞክሩት አፉ እንደ ሰም ይጣመማል።

«ይኼ ዕቃ አይደለም» አልኩት ባሌን።

«ያለው ይኸው ነው። ሰው ርካሽ ይፈልጋል» አለኝ።

ሴትየዋ መጣች። አንዱን አንስታ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው።

«ነሐስ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ነሐስ ነው» አልኳት።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ሱቅ ውስጥ የቆመ አፍ ሳያስበው ይዋሻል። ኮርኒስ ላይ ለሚቀመጥ ቪቲ ምን ልዩነት አለው ብዬም ይሆናል። አራቱን ቪቲና አንድ ቀይ ካቻቢቴ ይዛ ሄደች።

የበጋው ፀሐይ ቆርቆሮ በሚያቃጥልበት ወር አንድ ጠዋት ካቻቢቴውን ይዛ መጣች። ጫፉ ተጠምዝዟል።

«የቪቲው ጭንቅላት ስንጥቁ ተበላ፤ አልዞር አለኝ። የሚያወጣው መሣሪያ ስጪኝ።»

ሌላ ካቻቢቴ ሰጠኋት። በነጋታው ቀትር ሳይደርስ ተመለሰች። ጣቶቿ ደም ለብሰዋል፣ ጥፍሮቿ ተነቅለዋል። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«እትዬ፣ ለአንድ ቪቲ እንዲህ ይሆናል? በመዶሻ ገንጥለው ይጣሉት እንጂ!»

«ጎረቤቴ አብዮት ጥበቃ ነው» አለች። ከዚያ መደርደሪያውን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ከተዘጋበት ሁለት ቀኑ ነው። እርጥብ ጨርቅ በስንጥቅ አስገባለትና ይመጠዋል። ትናንት ማታ ጨርቁን መሳብ ተወ። ማሎ፣ እባክሽ፣ ኢንተላ ኮ! ኢልመ ኮ ነው። ልጄ ነው።»

ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ግን ኢልመ ምን እንደሆነ ማንም አምቦ የኖረ ያውቃል። እነዚያ አራት ዓይኖች፣ ሁለቱ ኩባያዎች፣ ቀትር ቀትር የሚወርደው ሙሾ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። ፈታሾች የሰው ቤት ሲገቡ ኮርኒሱን በዱላ ሽቅብ ይገፋሉ፤ ያልጠበቀ ሳንቃ ካለ ይነሳል። ስለዚህ በየቀኑ ፈትታ፣ ምግብ ሰጥታ፣ ቆሻሻ ተቀብላ፣ መልሳ ታጠብቀዋለች። ሙሾው የቪቲውን ድምፅ መሸፈኛ ነው። ቪቲው በየቀኑ ስለሚዞር ስንጥቁ ይበላል፤ ይኸው በየጊዜው መግዛቷ። የመጨረሻዎቹን የሸጥኩላት ደግሞ እኔ ነኝ።

የሴጌቶ ምላጭ ከክፈፉ አውጥቼ ጫፉን በጨርቅ ጠቀለልኩ፤ ብረት መቁረጫው መጋዝ ነው። የአማቴን አሮጌ ባለ እንጨት እጀታ ካቻቢቴ ጨመርኩና ዘንቢል ውስጥ ከሽንኩርት ሥር ደበቅኋቸው። ሱቁን ዘጋሁ። መንገድ ላይ ጥበቃው በሩ ላይ ቆሞ ሰላም አለን።

«ዛሬም ለቅሶ ነው?» አላት።

«ዛሬም ነው» አለችው።

ቤት ገብተን በሩን ቀረቀረች። ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ። ሁለቱን ቪቲ ራሷ አውጥታቸዋለች፤ የሁለቱ ጭንቅላት ግን ተልጦ ለስልሷል፣ ቢጫው ተፍቆ ብረቱ ወጥቷል። ጭንቅላቱ ጎበጥ ስላለ በምላጩ አዲስ ስንጥቅ መቁረጥ ይቻላል። ምላጩን ስስበው ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ ወጣ። ያን ጊዜ ከሥሬ ሙሾዋን ጀመረች።

እንደዚያ ቀን ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ የሞተ ልጇን ትጠራለች፤ ልጁ ከሳንቃው ማዶ፣ ከግንባሬ አንድ ስንዝር ላይ አለ። አለ ወይስ የለም? ትንፋሽ እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን ሳንቃው ላይ ለጠፍኩ። ምንም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የብረት ብናኙ ከንፈሬ ላይ ይወርዳል። እሷ ቀና ብላ ዓይኔን ስታይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ለቅሶ ሲሆን ሰማሁት።

የመጀመሪያው ዞረ። ሁለተኛው ግማሽ ሲደርስ ለስላሳው ብረት ተቆረጠና ጭንቅላቱ ወደቀ። ሳንቃው በአንድ ጎኑ ተንጠለጠለ። የተዘጋ ሙቀትና የሰው ሽታ ፊቴ ላይ ፈሰሰ። ከጨለማው ውስጥ እጅ ወረደ፤ ውሃ ውስጥ እንደ ቆየ ነገር የነጣ፣ ጥፍሩ ረጅም። ጩኸቴን በነጠላዬ ጫፍ አፈንኩት። እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሳይሆን የኔን ክንድ ያዘ። ቀዝቃዛ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ትኩስ ነበር።

እናቱ ውሃ በጭልፋ ሰጠችው። ከጠጣ በኋላ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ሹክ አለ፤ ድምፅ ማውጣት የረሳ ሰው ሹክሹክታ።

«ለቅሶዬ ላይ ልጅ አዝለሽ መጥተሽ ነበር። ትክትክ ይዟት ነበር። ዳነች?»

«ዳነች» አልኩት።

«ሌሊቱን ሁሉ ስለ እሷ አስብ ነበር» አለ።

በዚያው ቀን ከገዛ ቤቴ ቁም ሳጥን ማጠፊያ ላይ አራት የነሐስ ቪቲ ነቅዬ ወሰድኩላት፤ ካቻቢቴውንም ተውኩላት። የነሐስ ነው ብዬ መዋሸቴን ነገርኳት። እሷም «እኔም አገር ሙሉ ዋሽቻለሁ» አለች። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቿ ስለተያዘው ቤት ሲያወሩ እኔም አብሬ አማትብ ነበር፤ ሙስሊም መሆኔን ረስቼ። የዚያን የውሸት ነሐስ ካርቶን ግን ሳልሸጥ አኖርኩት፤ ለቤት ሥራ የሚፈልግ ሲመጣ «አይሆንህም» እያልኩ እመልስ ነበር።

መንግሥት ሲወድቅ ወታደሩ በነቀምት መንገድ ላይ መሣሪያውን እየጣለ አለፈ። እናትየው አላመነችም፤ ወር ያህል አቆየችው። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ነጠላ ዓይኑ ላይ ጥሎ፣ በእጇ ተመርቶ ደጅ ወጣ። አንዳንዱ እልል አለ፤ አንዳንዱ ሮጠ። ጥበቃ የነበረው ጎረቤት በሩን ዘግቶ ሁለት ቀን አልወጣም። ለቅሶው ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰችው ሴት ደግሞ «እንባዬን አታልላ ወሰደችብኝ» ብላ ዓመት ሙሉ አላነጋገረቻትም። ሽማግሌ ገብቶ፣ በግ ታርዶ ነው የታረቁት። ልጁ ድምፁ ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ሲስቅም በሹክሹክታ ነበር። ኋላ ነቀምት የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጠረና እናቱን ወሰዳት።

ባሌ ይህን ሁሉ የሰማው ያን የገበያ ቀን ማታ ነው። ራት ቀርቦ ሳለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ።

«ትፈራለህ ብዬ።»

«እውነትሽን ነው። እፈራ ነበር» አለ።