ሲስተር አስካለ የሰረዙት ሠንጠረዥ

ሲስተር አስካለ ዲንሳ ባለፈው ሐሙስ ማረፋቸውን የሰማሁት ኮተቤ፣ ክፍል ውስጥ ክፍልፋይ እያስተማርኩ ሳለ ነው። ጠመኔውን አስቀምጬ፣ ለተማሪዎቹ መልመጃ ሰጥቼ ወጣሁ። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ ብዙዎቻችሁ ደግነታቸውን ብቻ ስለምታስታውሱ ነው። እኔ ሲፈሩም አይቻቸዋለሁ።

የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበሩ። እኔ ያኔ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ስሆን፣ ግራ ኩላሊቴ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ አልጋ እጠብቅ ነበር። ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ጠጠሩ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነበር። በአጭሩ መንገድ ኩላሊቱ ተከፍቶ፣ የታየው ጠጠር ተለቅሞ ይዘጋል። በረጅሙ ግን ከመዘጋቱ በፊት እዚያው ራጅ ይነሣና የቀረ ስብርባሪ ይፈለጋል። የራጅ ፊልም ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ብርቅ ዕቃ ነበር። የሆስፒታሉ ኮሚቴ የትኛው መንገድ በአነስተኛ ወጪ ብዙ ሰው እንደሚያድን እንዲያጠኑ ሲስተርን አዘዘ።

መዝገቡን አገላብጠው ሠንጠረዥ ሠሩ፤ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ በትልቅ ወረቀት የገለበጥኩት እኔ ነኝ። አጭሩ መንገድ በሁሉም ረድፍ በለጠ። አልጋ የሚይዘው ለጥቂት ቀን፣ ታመው የተመለሱትም ጥቂት። ኮሚቴው በጭብጨባ ተቀበለው። መመሪያ ሆኖ ሊወጣ አንድ ስብሰባ ቀረው፤ እኔም የምከፈተው በዚያ ስብሰባ ማግስት ነበር።

በዚያው ሳምንት ሲስተር «ድነዋል» ብለው የጻፏቸውን አንድ አዛውንት ሾላ ገበያ ውስጥ ጎናቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኟቸው። ለምን አልተመለሱም ቢሏቸው፣ «ተከፍቼም ካልለቀቀኝ ምን ልሁን ብዬ እመለሳለሁ? እንጦጦ ጸበል ጀምሬያለሁ» አሏቸው። ሲስተር አዛውንቱን ታክሲ አሳፍረው ራሳቸው ሆስፒታል አደረሷቸው። ከዚያ ሦስት ቀን በተከታታይ የእንጦጦን ዳገት ወጡ። ጎረቤቶቻቸው «ጴንጤዋም ጸበል ገባች» እያሉ ሳቁባቸው። እሳቸው ግን ከጸበልተኞቹ መካከል በገዛ እጃቸው «ድነዋል» ብለው የጻፏቸውን ስሞች አንድ በአንድ ያገኙ ነበር።

በስብሰባው ወረቀቱን ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ሲስተር ጥናቱ ስሕተት ነው፣ ዳኑ ያልኳቸውን ጸበል ላይ አገኘኋቸው ሲሉ ጓድ ሰብሳቢው «ጸበልተኛ መቁጠር ከመቼ ወዲህ ነው የሆስፒታል ሥራ የሆነው?» አሉ፤ አንዳንዱ ሳቀ። ቀጥለውም ጓዶች ያጸደቁትን ማፍረስ አሻጥር እንደሚባል አስታወሷቸው። በዚህ ቃል ተወስዶ የቀረ ሰው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሳቁ ቆመ።

ከጎናቸው ስለነበርኩ ፈርተው ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ሲመለከቱ አየሁ። «ያልተመለሰውን ሁሉ ዳነ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ርካሽ የመሰለን የቀረውን ወጪ በሽተኛው ቤቱ ይዞት ስለሄደ ነው።» ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው በቀይ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት።

መመሪያው አልወጣም። ሲስተር ግን ወር ሳይሞላ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተዛወሩ። እኔ በረጅሙ መንገድ ተሠራልኝ፤ ራጁ አንድ የቀረ ስብርባሪ አሳየ፣ እሱም ወጣ። ከሆስፒታል ስወጣ እስከ በር ሸኝተውኝ «ብትድንም ተመለስ፤ ካልመጣህ ምን ብዬ ልጽፍ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየስድስት ወሩ መጀመሪያ ልብስ ማጠቢያው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ቤታቸው በር ላይ ቆሜ ስለ ጤናዬ እነግራቸው ነበር፤ እሳቸውም እጃቸውን አድርቀው ደብተራቸው ላይ ያሰፍሩት ነበር።

ሲስተር፣ ቀጣዩ ቀኔ ሳይደርስ ሄዱ። እነሆ በዚህ ጽሑፍ ካሉበት መጣሁ። ጎኔን አያመኝም፤ ዳገት እወጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ አስተምራለሁ። ይህን ይጻፉልኝና ይረፉ።