አንድ ወንዝ ለጎመንና ለጫጩት

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሌላው ሰው ቤት ይሠራል፤ እኔ ቀራንዮ፣ በጓሯችን በሚያልፈው ወንዝ ላይ የብስክሌት ቸርኬ ተክዬ ውሃ ሲያዞረው ቁጭ ብዬ አያለሁ። በቸርኬው ዙሪያ ከጀሪካን የቆረጥኳቸውን ፕላስቲኮች አስሬ፣ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ከወጣ ዲናሞ ጋር አገናኝቼው ነበር። ያስተማረኝ ስልኬ ነው፤ ቪዲዮ እያየሁ፣ እያበላሸሁ። ዲናሞው አንድ የመኪና ባትሪ ይሞላል። ያን ባትሪ ከጦር ኃይሎች በታክሲ ሳመጣው ረዳቱ፣ «እህቴ፣ ይሄ ነገር አይፈነዳም አይደል?» እያለ እስከ ፌርማታዬ እግሩን ሰብስቦ ነው የሄደው።

ባትሪው የሚያስፈልገው ለአክስቴ ነው። አክስቴ ጫጩት አስፈልፍላ ትሸጣለች። እንቁላሎቹ ያሉበት ሣጥን በአምፖል ይሞቃል፤ መብራት ጠፍቶ ሣጥኑ ከቀዘቀዘ የሦስት ሳምንት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ደርሶባታል።

እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ሲሉ መብራት ጠፋ። በአምፖሎቹ ቦታ የመኪና አምፖሎች አስገብተን ከባትሪው ጋር አገናኘናቸው። ደስታዬ ግን ከምሳ ሰዓት አላለፈም፤ ቸርኬው ቆመ። ባትሪው ብቻውን ደግሞ እስከ ማታ አያደርስም።

ዲናሞውን ፈታሁ፤ ሽቦውን ከመላስ በቀር ያላደረግኩት የለም። ደህና ነው። ቆይቼ ነው ውሃውን ያየሁት፤ ድንጋዮቹ እስከ ወገባቸው እርጥብ ናቸው፣ ውሃው ግን ከሥራቸው ወርዷል። ወዴት ሄደ? በዝናብ የሚሞላ ወንዝ አውቃለሁ፤ በጠራራ ፀሐይ ባንዴ የሚጎድል ግን አይቼ አላውቅም። አክስቴን ይዤ ወንዙን ተከትዬ ሽቅብ ወጣሁ።

ከላይ ጎመን የሚያለሙ አንድ ሽማግሌ፣ ወንዙን በአፈርና በጆንያ ጠልፈው ወደ መደባቸው ለቀውታል።

«አባባ፣ ጎመንዎ ነገ ቢጠጣ አይሞትም፤ የእኔ ጫጩቶች ግን ዛሬ ካልሞቃቸው አይተርፉም» አለቻቸው አክስቴ።

«ወይ ጉድ! ዶሮ ትታቀፍ የነበረውን አሁን ወንዝ ይታቀፈው ጀመር?» አሉ ሽማግሌው።

የምትቀልድ መስሏቸዋል። ቢሆንም አካፋቸውን እንደያዙ ተከትለውን ወረዱ። አክስቴ አንዱን እንቁላል ጆሯቸው ሥር አስጠጋችላቸው። ትንፋሻቸውን ይዘው አዳመጡ።

«ውስጡ ይጮኻል እኮ!» ብለው እየተጣደፉ ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ውሃው መጣ፤ መጀመሪያ ፌስታል፣ ቀጥሎ አረፋ፣ ከዚያ ቸርኬዬ መዞር ጀመረ።

ጥቂቶቹ ሳይፈለፈሉ ቀሩ፤ የሚበዙት ወጡ።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ እንቁላል ሣጥን ውስጥ ከማስገባቷ በፊት ሽማግሌው ዘንድ ወጥታ የሚያጠጡበትን ቀን ትጠይቃለች። ጫጩቶቹ የሚወጡበት ቀን ከዚያ ጋር እንዳይገጥም አስልታ ታስገባለች።