የእትዬ ብዙዬ ምስማር

እትዬ ብዙዬ ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ያገለገለ ዕቃ ሲሸጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ወራሾች ሲካፈሉ ሽማግሌዎች ለግምት የሚያስጠሩት እሳቸውን ነው። ዕቃውን ያነሳሉ፣ ያንኳኳሉ፣ ከዚያ ከነጠላቸው ጫፍ ምስማር ፈትተው ከታች በኩል ይጭሩታል። ቀለም የተቀባ ብረት ነሐስ ነው ተብሎ በሚሸጥበት ገበያ ከምስማር በቀር ማንን ይመኑ? «አላውቀውም» ብለው አያውቁም። እንዲሉ የሚፈልግም አልነበረም፤ ሁሉም የሚወደው ቶሎ ተናግረው ቶሎ እንዲገላግሉት ነው።

በ2004 ዓ.ም. ቧንቧ ውሃ ወደሚባለው ሰፈር ተጠሩ። ማቲዎስ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ሚስትም ልጅም ሳይኖረው ሞቶ፣ ወንድሙ አሮንና እህቱ ሣራ ሊካፈሉ ነው። ሣራ ስምንት ወር አስታማዋለች። አሮን ከኮምቦልቻ የመጣው ለቀብሩና ለክፍፍሉ ነው፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ለጥየቃ ይርቃል፣ ለውርስ ግን ቅርብ ነው።

ባጃጁ ስልሳ ሺህ ብር፣ የቤቱ ዕቃ ሃያ ሺህ ተገመተ። ባጃጁን የመረጠው አሮን ስለሆነ ለእህቱ ሃያ ሺህ ሊጨምርላት ሆነ። ይኼኔ ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን ስቦ ሐውልት አወጣ። ማቲዎስ ድሮ ይነዳለት የነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠው ነው። ክንድ የሚያህል፣ ካባ የለበሰ፣ ጡንቻው ሊፈነዳ የደረሰ የሥዕል መጽሔት ጀግና፣ ቢጫ መቆሚያ ላይ ቆሟል።

«በዓለም ላይ አምስት መቶ ብቻ ነው የተሠራው» አለ አሮን። «አርባ ሺህ ያወጣል። እሱን ሣራ ትውሰድ፣ እኩል ሆንን።»

«ማቲዎስ በሕይወት እያለ ጣዖት ነው፣ ከቤት አውጣው ስትለው አልነበር?» አለች ሣራ።

«እሱ ሌላ ነገር ነው።»

የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «ጣዖትም እንደዚህ ዋጋው ይጨምራል? በሉ እትዬ፣ ይፍጠኑና እንገላገል።»

እትዬ ብዙዬ አንኳኩ፣ ገለበጡ፣ ምስማሩን ፈትተው ቢጫውን ጫሩት።

«ነሐስ አይደለም። ሸክላ ቢጤ ነው፣ ቀለም የተቀባ።»

አሮን ጮኸ። «ቁጥሩን! ቁጥሩን ፋቁት!»

የተፋቀው ቦታ ላይ ከአምስት መቶው ስንተኛው እንደሆነ ተጽፎ ነበር። ያ ቁጥር ከሌለ ሐውልቱ ከተራ አሻንጉሊት አይለይም። እትዬ ብዙዬ ፊደል አልቆጠሩም። ማንበብ የሚችሉ ሦስት ሰዎች ግን አጠገባቸው ቆመው ነበር፤ ከእነሱ የተሰማው «ይፍጠኑ» ብቻ ነው።

«አርባ ሺህ ብሬን ፋቁብኝ!»

«ብሬን?» አለች ሣራ። «አሁን የአንቺ ድርሻ ነው ስትለኝ አልነበር?»

ጋሽ ኃይለ ሚካኤል «ለመሆኑ የሚገዛው ማነው?» ብለው ጠየቁ። አሮን ኮምቦልቻ ያለ ብሩ የሚባል ነጋዴ ጠራ። ተደወለለት፤ ድምፁን ሁሉም ሰማው።

«ኢንተርኔት ላይ ዋጋውን አየሁልህ እንጂ እገዛለሁ መች አልኩህ? እኔ ቆርቆሮ ነጋዴ ነኝ፣ ወንድሜ!»

ሁሉም ወደ እትዬ ብዙዬ ዞረ። እሳቸው ምስማሩን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ።

«ሳልጠይቅ መጫሬ ጥፋት ነው፣ የግምቴን ክፍያ አልቀበልም። የዚህን ዋጋ ግን አላውቀውም። ከእናንተም የሚያውቀው የለም። ማንም የማያውቀው ነገር በሰው ድርሻ አይቆጠርም። አሮን፣ ሃያ ሺህህን ለእህትህ ስጣት።»

ጋሽ ኃይለ ሚካኤል እንዲሁ ጻፉ፣ አሮንም ፈረመ። ሐውልቱን ይዞ ለመሄድ ግን አልጠየቀም። ሣራ ቴሌቪዥኑ ላይ አቆመችው፤ ማቲዎስ ይወደው ነበር።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ብዙዬ ምስማራቸውን ከመፍታታቸው በፊት ዕቃውን ገልብጠው ለወራሾቹ ያቀብላሉ። «የተጻፈ ካለ ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ» ይላሉ። አርጅተዋል፣ ዘገዩ እያለ የሚያጉረመርም አለ።

ያጉረምርም።