የአውራ ጣቴ ጉድጓድ

ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የማወልቀው ካልሲዬን ነው። ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የሚተወው መስመር አለ፤ አንቺም ጋ አይጠፋም። ሌላው ሰው አክኮት ይተወዋል። እኔ ግን በሩ ሥር ቁጭ እልና ቅልጥሜን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ መቁጠር እጀምራለሁ። አንድ ብዬ ሳልጨርስ ቆዳው ቦታው ይመለሳል። እንዳትስቂብኝ፤ ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሆነኝ፣ ጫን አድርጌ ሳልቆጥር ያደርኩበት ቀን የለም።

አባቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ጎሮ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ሰፈሩ ገና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸት ነበር። የብሎካችን ውሃ በየቀኑ ይጠፋል፣ ሰዉም በየቀኑ አባቴን ይጠራል። የመፍቻ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ከአራተኛ ፎቅ እየሮጠ ይወርድ የነበረ ሰው፣ አንድ ክረምት ሁለተኛው ፎቅ ላይ እየቆመ ማረፍ ጀመረ። ቀጥሎ ደረጃው ላይ መቀመጥ አመጣ። በኋላ ጭራሽ መውረዱን ተወው። ልጅ ሆኖ ጉሮሮውን ታሞ በወጉ ሳይታከም ቀርቶ፣ ያ ሕመም ውስጥ ለውስጥ ልቡን ሲጎዳው ኖሯል።

እናቴ መገናኛ ልብስ ትሸጥ ነበር። ሳይነጋ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። እኔ እስከ ምሳ ትምህርት ቤት ነኝ። እስክመጣ ድረስ አባቴ በረንዳው ላይ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ብቻውን ይቀመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቀው ነበር፤ ኋላ ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ አገኙና ደረጃው ረዘመባቸው። ምድር ቤት ያለው ፓምፕ ሲነሳ ድምፁ እስከ እኛ ቤት ይሰማል። አባቴ ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጥና "አየር ስቧል" ይላል። የሚጠይቀው ግን አልነበረም፤ ለኔ ብቻ ነው የሚናገረው።

ስንቱን ኩሽና ያስተካከለ ሰውዬ በገዛ ኩሽናው እንግዳ ነበር። ያደገበት አገር ወንድ ማጀት አይገባም። ለጥገና ከሆነ ሲንኩ ሥር ተንጋሎ ሲታገል ይውላል፤ ከሲንኩ በላይ ያለውን ግን ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም። ውሃ ቢጠማው እንኳ እኔ እስክመጣ ይጠብቃል። ስቆጣው "ጓለይ" ይለኛል፣ በትግርኛ ልጄ ማለቱ ነው፤ "ጓለይ፣ ብርጭቆው የት እንዳለ መች ነገራችሁኝ?" አይ አባቴ!

ያን ዓመት ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። መምህራችን የልብን ሥዕል ሥላችሁ ኑ ብለውን ደብተሬን ይዤ በረንዳው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ደም ቅዳውን በቀይ፣ ደም መልሱን በሰማያዊ እስኪርቢቶ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አየውና ፊቱ በራ። ስንት ወር ሙሉ ፊቱ እንደዚያ ሲሆን አላየሁም ነበር። "ይሄማ የኔ ሥራ ነው!" አለ።

"ሁለት ፓምፕ ነው፣ ጎን ለጎን። የቀኙ ያገለገለውን ደም ወደ ሳንባ ይልካል፣ አየር እንዲያገኝ። የግራው አየር ያገኘውን ተቀብሎ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ይገፋዋል። ትልቁ መስመር እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ከፀጉር ይቀጥናል፤ እዚያ ጋ ሥጋው የሚፈልገውን ይወስዳል። ከዚያ ደሙ በመልሱ መስመር ይመጣል።" በየክፍሉ መሐል የሣልኳቸውን ትንንሽ በሮች በጣቱ ነካ ነካ አደረገና "እነዚህ ቫልቮች ናቸው፣ የሄደው እንዳይመለስ። የኔ አንዱ ያፈሳል" አለኝ።

"ታዲያ ቀይረዋ!"

ሳቀ። ሲስቅ ትንፋሹ ስለሚያጥረው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሚስቀው። ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ዘረጋልኝና "ጫኝው" አለኝ። በአውራ ጣቴ ጫንኩት። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፤ ደነገጥኩ። "አይዞሽ። ፓምፕ ሲደክም ውሃው ወዴት ይሄዳል? ወደ ምድር ቤት ነዋ። እስኪሞላ ቁጠሪ።" እስከ አራት ቆጠርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታችን ሆነ። እኔ እቆጥራለሁ፣ እሱ ትንሽ ቁጥር ከመጣ ስለ ልቡ "ሠራተኛው ጎበዝ ነው" ይላል።

ሐኪሙ ጨው ከለከለው። እናቴ የጨዉን ዕቃ ከነጭራሹ አጠፋችው፤ አሮጌ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ገልብጣ ከበርበሬው ጀርባ ሸሸገችው። ጠዋት ለእሱ ብቻ ጨው የሌለው ሽሮ ሠርታ ትሄዳለች፣ ቀን እኔ አሙቄ አቀርባለሁ። አባቴ ሁለት ሦስት ጎርሶ ይገፋዋል። ትከሻው ሟሸሸ፣ አንገቱ ቀጠነ። አንድ ቀን ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ በረንዳውን እያየ "እንዲህ በልቶም መኖር አለ" አለ። ለኔ አልነበረም የተናገረው። ያ ነገር አንጀቴን በላው።

እርሳስ ስቀርጽ ምላጭ ቆርጦኝ ጣቴን ጠብቼው አውቃለሁ፤ ደም ጨው ጨው ይላል። መምህራችንም ደም ውስጥ ጨው አለ ብለውናል። በአሥራ ሁለት ዓመት ጭንቅላቴ ነገሩ ቁልጭ አለልኝ፦ ጨው የማይበላ ሰው ደሙን ከየት ያመጣል? በማግስቱ ሽሮውን ሳሞቅ ከቆርቆሮው ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩበት።

የመጀመሪያውን ጎርሶ ማኘኩን አቆመ። አየኝ። ከዚያ ሳህኑን ጠራርጎ በላ። "እጅሽ ይባረክ" አለኝ። እኔ በደስታ ኩሽና ገብቼ ብቻዬን ዘለልኩ። ጉድ እኮ ነው! በማግስቱም ጨመርኩ። በሣልስቱም።

ቁጥሩ ስድስት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። አባቴ "ሠራተኛው ጎበዝ ነው" ማለቱን ተወ። ጋደም ሲል ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ስለሚታፈን ቁጭ ብሎ ማደር ጀመረ። አሥራ አራት በቆጠርኩ ቀን የብሎኩ ወጣቶች ከነወንበሩ ተሸክመው አውርደው ሆስፒታል ወሰዱት።

ሐኪሙ እግሩን ጫን አድርጎ አየና "ጨው ይበላሉ እንዴ?" አለው። "ጨው ካለ ውሃ ሰውነት ውስጥ ይቀራል፣ ደሙ ይበዛል፤ የደከመ ልብ ያን ሁሉ መግፋት አይችልም።" እናቴ "ኧረ በፍጹም ዶክተር! በገዛ እጄ ነው የደበቅኩት!" አለች። የአልጋውን ብረት ይዤ ቆሜያለሁ። አባቴ ወደኔ ዞር እንኳ አላለም። "እኔ ነኝ። እሷ ስትወጣ እያወጣሁ በላሁ" አለ።

ከሆስፒታል አልተመለሰም። እናቴ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ "በቁንጣሪ ጨው ለወጠን፣ ይሄ እልኸኛ!" ስትል ኖረች። በጾም ስትል፣ በፋሲካ ስትል፣ ፎቶውን እየወለወለች ስትል። እውነቱን ብነግራት ከቤት ታስወጣኛለች ብዬ ፈራሁ፤ ካደግሁ በኋላ ደግሞ ማፈሩ ባሰ። አንድ ቤት እየኖርን፣ አንድ ትሪ እየበላን፣ ምን ያህል ብቻዬን እንደነበርኩ ልነግርሽ አልችልም።

አሁን ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ተከራይተን አብረን ነን። እናቴን ደም ግፊት ይዟት ጨው ቀንሺ ተብላለች፤ ምግቧን የምሠራላት እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ጫማዋን ስታወልቅ የጫማው ጠርዝ እግሯ ላይ መስመር ትቶ አየሁ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቅልጥሟን ጫንኩት። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ ቀረ።

"አንድ፣ ሁለት…" ብዬ መቁጠሬን አቋረጥኩ።

"ምንድን ነው የምትቆጥሪው?"

"እማዬ፣ ያኔ ጨዉን የጨመርኩበት እኔ ነኝ።"

ውጪ የታክሲ ረዳት "መገናኛ፣ መገናኛ" ይላል።

"አውቃለሁ" አለች። "ያ ሰውዬ ጨው የት እንደሚቀመጥ መች ያውቅና?"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት እሱን…"

"እሱ ተሸክሞልሽ ሄዶ እኔ መልሼ ላሸክምሽ?" አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች። ጉድጓዱ ተሞልቶ ነበር። እጄን ይዛ አውራ ጣቴን እንደገና ቅልጥሟ ላይ አሳረፈችው።

"በይ ጫኝው። አሁን አብረን እንቁጠር።"