የውሃ ቦቴው ፍሪሲዮን

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ጋራዥ የገባሁ ቀን ባለቤቴ አያልነህ የከባድ መኪና ፍሪሲዮን ዲስክ ጭኔ ላይ አስቀምጦ፣ “ችንካሮቹን በጣትሽ ዳብሺ፤ ከሸራው ከፍ ያለ ካገኘሽ ንገሪኝ” አለኝ። ረዳቱ ለአጨዳ ሄዶበት ነበር። በረሃቡ ጊዜ ከመተማ በኩል ተሰደን የመጣን ነን። እኔ ማንበብና መጻፍ እንጂ ሌላ ሙያ አልነበረኝም።

ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ለካምቢዮ ያቀብላል። ዲስኩ ፊት ላይ የሚቸነከረው ሸራ ካለቀ ወይም ዘይት ከነካው ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። በክረምት የዋልካው ጭቃ ሾፌሮቹን ፍሪሲዮን ፔዳል ላይ ስለሚያቆማቸው ሸራው ቶሎ ያልቃል፤ ሥራ የሚበዛብን ያኔ ነበር። ካምቢዮ ማውረድ የእሱ፣ ያለቀውን ሸራ አንስቶ አዲሱን መቸንከር የእኔ ሆነ።

አንድ ክረምት ከኡም ጋርጉር መጠለያ ማዶ ለሰፈሩት አዲስ ስደተኞች ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ ተጎትቶ መጣ። ሾፌሩ ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ ነው። ስንከፍተው ሸራው በዘይት ርሷል። ገበያ የተገኘው ምትክ አንድ ብቻ ነበር።

“ያላ ኡስታ፣ ቶሎ ግጠመውና ልሂድ” አለ ዑስማን፤ እዚያ ባለሙያን ‘ኡስታ’ ይሉታል። “ሰዉ የኩሬ ውሃ እየጠጣ ነው።”

“ዘይቱ ከሞተሩ ኋላ ነው የሚመጣው” አለ አያልነህ። “ይህንንም ያበላሸዋል።”

“አንተ ሰው፣ ልብህ ብረት ነው እንዴ?”

“የኔ ልብ መኪና አይገፋም። ቁጭ በል።”

ዘይቱን የሚያግደው ገመድ ተበልቷል፤ ምትክ የለውም። አያልነህ ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ ወገቤ ላይ አረፈ።

“መቀነትሽን ስጪኝ።”

ዑስማን ፊቱን አዞረ። ፈታሁለት። በስደት መንገድ አንጀቴን ያሰርኩበት የጥጥ መቀነት ነው። ቀደን ጎነጎንነው፤ ሞራ አጠጥተን በቦታው ጠቀጠቅነው። አዲሱን ሸራ የቸነከርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቦቴው በማግስቱ ወጣ።

ዑስማን ሲመለስ ከመኪናው ሳይወርድ፣ “ኡስታ፣ ውሃው ደርሷል። ሳልደርስ ያለፉ ሕፃናት ግን አሉ” አለ።

አያልነህ እጁን መታጠብ ጀምሮ ተወው። “ያን ዕለቱኑ ሸራውን ገጥመን ብንለቀው ኖሮስ?” አለኝ።

“ዋልካው ላይ ይቀር ነበር። ያኔ ማንም አይጠጣም።”

ሸራው ክረምቱን ሙሉ አገለገለ። አያልነህ ግን እስካረፈበት እስካለፈው ዓመት ድረስ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቀኝ ነበር። እኔም ያንኑ እመልስለት ነበር። አሁን የሚጠይቀኝ የለም።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው ይህን ነው፦ ዘይቱ የሚመጣበት ሳይዘጋ አዲስ ሸራ አይገጠምም። ሰው እየጠበቀም ቢሆን አይገጠምም።