ለአስታማሚ የሚሰጥ እሬት

ሰኞ ማለዳ ከአዲስ አበባ ስነሳ ለአለቃዬ የነገርኳት ምክንያት ግማሹ እውነት ነበር። የምሠራበት ላቦራቶሪ የእጽዋት ጭማቂ በአንጀት ካንሰር ሴሎች ላይ ይሞክራል፤ ሶማሌ ክልል ካለው ደምበል የመጣው እሬት ጥሩ ውጤት አሳይቶ ስላለቀ ሌላ ማምጣት ነበረብኝ። ሌላውን ግማሽ ለማንም አልተናገርኩም። ያው ካንሰር እኔም ሆድ ውስጥ አለ። የቀዶ ጥገና ቀጠሮዬ ለቀጣዩ ሰኞ ነው፤ ሆስፒታሉ በሰጠኝ ቅጽ ላይ «የአስታማሚ ስም» የሚለው መስመር ባዶውን ቀርቷል።

እሬቱ ከቢላዋ ያድነኛል ብዬ ነበር የምሄደው። ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ እስቅበት ነበር። በመስታወት ሳህን ላይ ያለን ሴል በረኪናም ይገድለዋል፤ አሥራ ስምንት ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ማክሰኞ

ሐረር አድሬ በሚኒባስ ቀጠልኩ። ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ሻጮች መስኮቱን ሞሉት። በአሥር ብር አንድ ላስቲክ ገዝቼ ጎኔ ወዳለው ሰው ዘረጋሁ፤ ተኝቷል። ብቻዬን መብላቱ ስላላሰኘኝ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጅግጅጋ በሁለት መቶ ብር አልጋ ያዝኩና ወደ ምግብ ቤት ወጣሁ። በየጠረጴዛው አራት አምስት ሰው አንድ ትሪ ሩዝ ከቧል።

«ስንት ናችሁ?» አለኝ አስተናጋጁ።

«አንድ።»

በሩን አየት አደረገና ከትሪ ይልቅ ሳህን አመጣልኝ። የፍየል ሥጋው ጥሩ ነበር፤ ከሩዙ ጋር የመጣውን ሙዝ ግን አልነካሁትም።

ረቡዕ፣ ደምበል

አብዲ ሹፌሬም አስተርጓሚዬም ነው። ቴክኒሻን ነኝ ብለው፣ «ነጭ ጋዋን ከለበስክ ዶክተር ነህ» ብሎ ዘጋኝ። ፒስታ መንገዱ ኩላሊት ያወርዳል። ግራር፣ ኩይሳ፣ ግመል፣ ደግሞ ግራር።

ላቦራቶሪው እሬት የሚያገኘው ከአንዲት አሮጊት መድኃኒተኛ ነው። ሰው ሁሉ «ኤዶ» ይላቸዋል፤ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። ቅጠሉን እየመረጡ ቆርጠው አንድ ጆንያ ሞሉልኝ። ያኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ለአንድ በሽተኛም ይጨምሩልኝ በላቸው» አልኩት አብዲን።

«በሽተኛው ማነው? ይላሉ።»

ውሸት ፈለግሁ፤ ጠፋኝ። «እኔ ነኝ። የአንጀት ካንሰር።»

አብዲ ዞር ብሎ አየኝና ተረጎመላቸው። ኤዶ ቢላዋቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና አንድ ነገር ጠየቁ።

«አስታማሚህ የታል? ይላሉ።»

«የለኝም። በእጄ ይስጡኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለአስታማሚ እንጂ ለበሽተኛ እጅ አልሰጥም ነው የሚሉት፣ ዶክተር። መድኃኒቱን ለራሱ የሚቀዳ ሰው ሲጨንቀው ያበዛል፤ እሬት ሲበዛ ደግሞ ሆድ ይጎዳል። የአንተን ሕመም ሐኪም ይየው፣ እዚያም ግን ብቻህን አትሂድ። ወንድም እህት የለህም ወይ?»

«እህት አለችኝ። በእናታችን ለቅሶ ተጣልተን ሦስት ዓመት ሆነን።»

አብዲ ተረጎመ። የኤዶ መልስ አጭር ነበር።

«አለች አይደል ታዲያ? ነው የሚሉት።»

መልስ

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጆንያ እሬት ጉልበቴ ሥር አድርጌ ተጓዝኩ። አንድ ቅጠል ብሰርቅ ማንም አያውቅብኝም ነበር። አልነካሁትም። ማን ይቀዳልኛል? ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ዓርብ ማታ ጆንያውን ላቦራቶሪ አስረክቤ ቤቴ ገባሁ። እሬቱ ምን እንደሚያደርግ ገና ብዙ ዓመት ይጠናል፤ እኔ ሰኞ ቀጠሮ አለኝ። ከጉዞው የተማርኩት ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ የሸሸሁት ቢላዋውን ሳይሆን ያንን ባዶ መስመር እንደነበር ነው። ስልክ ደወልኩ።

«ማን ልበል?» አለች እህቴ። ቁጥሬን አጥፍታዋለች።

«እኔ ነኝ። ሰኞ ሆስፒታል ልተኛ ነው። አስታማሚ ይፈልጋሉ።»

ቁም ሳጥን ስትከፍት ሰማኋት።

«የእማዬ ፔርሙስ እኔ ጋ ነው» አለች። «ይዤው እመጣለሁ።»