በካምቢዮው ውስጥ የተገኘው ቀይ ዘይት

መኪናዬ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ሽቅብ ስትወጣ መንቀጥቀጥ የጀመረችው ከገዛኋት ዓመት ሳይሞላት ነው። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፤ እሷ ግን ባለችበት ትርገፈገፋለች። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ሲለቅብኝ ላብ ያጠምቀኛል።

አንድ ቀን ቤቴል ከምሠራበት ክሊኒክ ወጥቼ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ቃል የማያበዛ ጎልማሳ ነው። አንድ ዙር ነድቷት ተመለሰና «የካምቢዮ ዘይቷ መቀየር አለበት» አለኝ።

እዚያው ጠረጠርኩት። የሸጠልኝ ሰውዬ «የዚህች ካምቢዮ ዘይት የዕድሜ ልክ ነው፤ ማንም እንዳይነካብሽ» ብሎኛል። ሴት ብቻዋን ጋራዥ ስትገባ ደህናው ዕቃ ወጥቶ አሮጌው እንደሚገባባትም ስሰማ ነው የኖርኩት።

«የዕድሜ ልክ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«የማን ዕድሜ?» አለ ሳይስቅ። «በዚህ አቀበትና በዚህ መጨናነቅ ቢበዛ በየአርባ ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል።»

«እሺ፣ ሲፈታ ቆሜ አያለሁ።»

«ደስ ካለሽ።»

ብሎኑን ሲፈታው የጠቆረ፣ የተቃጠለ የሚሸት ዘይት ተቆርጦ በተዘጋጀው ጀሪካን ውስጥ ወረደ። በጣቱ አሸት አድርጎ ወደ ብርሃን ያዘውና ግንባሩን ቋጠረ።

«እህቴ፣ ቀይ ዘይት ማን ጨመረበት?»

«ማንም።»

«ተጨምሯል። ቀዩ ለሌላው አውቶማቲክ ነው። ያንቺ ካምቢዮዋ ውስጥ ባለ ቀበቶ ነው የምትሄደው፤ የራሷ ዘይት አላት። ይሄኛው ቀበቶውን ያንሸራትተዋል።»

መጀመሪያ ሻጩን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ መካኒኩን ራሱን፤ ቅድም ይዟት ሲወጣ አብሬው አልሄድኩም። እንግዲህ ምስክር ያስፈልገኛል ብዬ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ ለወጡት አባቴ ደወልኩ። ታክሲ ይዘው መጡ።

ወደ ጥግ ሳብ አድርጌ «አባባ፣ ቀይ ዘይት ገብቶበታል ይላል። ሻጩ ነው ወይስ ይሄ ራሱ?» አልኳቸው።

ጀሪካኑን ትክ ብለው አዩት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«እንዴት?»

«ግቢ በቆመችበት ከሥሯ ጠብታ አየሁ። ጎድሎባት እንዳትቸገሪ ብዬ አንቺ ቤተ ክርስቲያን በሄድሽበት ጨመርኩ። በእኛ ጊዜ አውቶማቲክ የተባለ ሁሉ ቀይ ነበር የሚጠጣው።»

መካኒኩ ሰምቶ ኖሮ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ሲወጣ ለእሳቸው ነው የተናገረው። «አባቴ፣ ጠብታውስ እውነትዎን ነው። ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት አልቋል።» አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀለበቱን ለውጦ ትክክለኛውን ዘይት ሞላ። አሮጌው ባንዴ ተጠርጎ ስለማይወጣ ከሳምንት በኋላ ደግመን እንድንቀይር ነገረን።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገድ መንገዱን ያያሉ።

«መንቀጥቀጥ የጀመረች ቀን ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ባትደውዪልኝ አልነግርሽም ነበር።»

ሰውን ሁሉ ስጠረጥር የቤቴን ሰው ዘልዬ ኖሯል። ልቆጣ አስቤ አፌ እንቢ አለኝ። «ምን አለበት፣ አባባ» ብቻ አልኩ።

በሳምንቱ ደግመን ቀየርን። መንቀጥቀጧ ቀነሰ፤ ጭራሹን ግን አልለቀቃትም። መካኒኩም ደንበኛዬ ሆነ፤ ብሎን ሲፈታ ግን እስከ ዛሬ አጠገቡ እቆማለሁ።